የቢተው ጎመን

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
፦ በረቱስ ይሁን፤ ጓሮውን ማን ያጠጣዋል?
፦ እናታለም ይንገሩን!

እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁንም ስጡኝ።

በድሮ ዘመን፣ ገደል ሥር በተቀመጠች አንዲት መንደር ቢተው የሚባል ገበሬ ነበረ። ጎበዝ አራሽ ነው። እሱ ያረሰውን ማሳ ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። አንጓች ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ጓሮ ነበራት። ጎመን አለ፤ ሽንኩርት አለ፤ ቃሪያ አለ፤ አጥሩ ላይ የሚሳብ ዱባ አለ። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ በየቀኑ ቁልቁል ምንጭ ትወርድና፣ እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ትወጣና፣ ጓሮዋን ታጠጣ ነበር። ቢተው ያን ዳገት እንስራ አዝሎ አንድ ቀን እንኳ ወጥቶት አያውቅም።

አንድ የኅዳር ቀን ቢተው ከአውድማ ደክሞት መጣና በሬዎቹን ሳያስር ለቀቃቸው። እነሱም አጥሩን ጥሰው ጓሮ ገቡ። ጎመኑን በሉ። ሽንኩርቱን ረገጡ። ዱባውን ከነሐረጉ ጨረሱት። አንጓች ከገበያ ስትመለስ ይህን አየችና መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቢተው ግን ሳቀ።

፦ ለቅጠል ነው እንዲህ የምታለቅሺ? ይበቅል የለም እንዴ!

አንጓች ቀና ብላ አየችው። ተነሣችና ነጠላዋን አጣፍታ እናቷ ቤት ሄደች።

ቢተው ማታ ትመጣለች አለ። አልመጣችም። ሳምንት ሆነ፤ ወር ሆነ። ቤቱ ጭር አለበት። እንጀራውን ጎረቤት ጋገረችለት፤ ጨዋታውን ግን ማን ይጋግርለት? ገና ካለፈ በኋላ ሦስት ሽማግሌ ለምኖ ላከ። ሽማግሌዎቹም ሄዱና፣ ሲመሽ ተመለሱና፣ በሩ ላይ ቆሙ።

፦ ምን አለች? አላቸው። ላም ትፈልጋለች? ቀሚስ ትፈልጋለች?
፦ ላምም አልፈልግ፣ ቀሚስም አልፈልግ ብላለች፤ አሉ ትልቁ ሽማግሌ። በገዛ እጁ ዘርቶ፣ በገዛ ጀርባው ውሃ ቀድቶ ያበቀለውን ጎመን ያብላኝ ነው ያለች። እስከ ሆሳዕና ትጠብቅሃለች። ከዚያ ካለፈ ዕቃዋን ትወስዳለች፤ ነገሩም ያበቃል።

ቢተው በደስታ ጭኑን መታ።

፦ ጎመን ብቻ? ይህማ ምን አላት!

ማግስቱን ጓሮውን በበሬ ገለበጠና፣ ዘሩን እንደ ጤፍ በትኖ፣ እንስራ ይዞ ምንጭ ወረደ። ሴቶቹ ሲያዩት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ወንድ እንስራ አዘለ!» ተባለ። ጆሮው ጋለ። ዳገቱ መሐል ሲደርስ እንስራውን አውርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንጓች ይህን በቀን ሁለቴ ትወጣው ነበር ብሎ አሰበ። እንዳሰበም ብዙ ቆየ።

ጓሮው ሲደርስ እንስራውን ከላይ ዘነበለው። ውሃው ዘሩን ጠራርጎ አጥሩ ሥር ከመረው። እንደገና ዘራ። አሁንስ በቀለለት። ነገር ግን የሴቶቹን ሳቅ ፈርቶ፣ ምንጩ ሰው የማይኖርበትን ሰዓት ጠብቆ፣ በጠራራ ፀሐይ እየቀዳ ያጠጣው ነበር። ውሃው መሬት ሳይገባ ፀሐይ ጠጣችው። ቡቃያው ጠውልጎ ደረቀ።

ከአጥሩ ማዶ እማማ ብርቄ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፤ የሚበሉት ከጓሯቸው ነው። ቢተው አፍሮ አፍሮ፣ በመጨረሻ አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠራቸው።

፦ እማማ፣ ይህ ጎመን ምን በደልኩት?
፦ በድለኸዋል እንጂ ልጄ! አሉ። በል ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት።

ከተተ።

፦ ላዩ ርሷል፤ ውስጡ አመድ ነው።
፦ አየህ! አፈሩን ሳትጠይቀው ነው የምታጠጣው። ጣትህን ከተህ ርጥብ ከሆነ ተወው። ደረቅ ከሆነ ስጠው። ጧት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ወይም ማታ ስታዘቀዝቅ ስጠው። ደግሞ እግሩን እንጂ ራሱን አታጥበው፤ የሚጠጣ በእግሩ ነው።

ከዚያም አሮጌ ቅል አመጡና ቂጡን በወስፌ በሳስተው ሰጡት። ውሃ ሲሞላ እንደ ካፊያ ያወርዳል። ፍግና አመድ ቀላቅሎ መደብ መሥራትን አሳዩት። ዘሩን ችምችም አድርጎ አፍልቶ፣ ችግኙን አራርቆ መትከልን አሳዩት። ሥሩን በደረቅ ሣር ማልበስን አሳዩት። ቢተውም እንዳሉት አደረገ። ጧት ከሴቶቹ ጋር ምንጭ ወረደ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ለመዱት፤ ከዚያም እንስራውን ያሸክሙት ጀመር።

ችግኙ ያዘ። ሁለት ቅጠል አወጣ፤ አራት አወጣ። ቢተው ከእርሻ ሲመጣ ውሃ ከመጠጣቱ በፊት ጓሮ ሄዶ ያየው ነበር። ብቻውንም ያናግረው ጀመር።

ታዲያ ሁዳዴ ሲጋመስ ምንጩ ደከመ። የመንደሩ ሰው መከረና፣ ምንጭ ለወረደ ሰው በቀን ሁለት እንስራ ብቻ ይበቃዋል ተባለ። በዚያው ሰሞን እማማ ብርቄ ዳገቱ ላይ አዳለጣቸውና እግራቸው ወለም አለ። ከቤት መውጣት አቃታቸው። የሚጠጡትን ውሃ ጎረቤት ከድርሻው በቅል እያካፈለ ሰጣቸው፤ ለጓሯቸው ግን ከማን ይትረፍ?

ቢተው ማታ የራሱን ጎመን ሲያጠጣ በአጥሩ ቀዳዳ አየ። የእማማ ብርቄ ጎመን ቅጠሉን ጥሎ ተኝቷል። ዘወር አለ። ተመልሶ አየ። ሆሳዕና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አንዱን እንስራ ቢሰጥ የራሱ ጎመን አይደርስም፤ ባይሰጥ ደግሞ እኒያ አሮጊት ጾሙን ምን ይበላሉ? አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አዩት፤ ስጠኝ ግን አላሉትም። ያ ባሰበት።

ሁለተኛውን እንስራ አንሥቶ በአጥሩ ተሻገረ።

፦ ተው ልጄ፣ የሚስትህ ነገር! አሉት።
፦ ይጠጣ እማማ። ተጠምቶ እያየሁት እንዴት ልደር?

ከዚያ ወዲያ አንድ እንስራ ለራሱ፣ አንድ እንስራ ለእሳቸው ሆነ። የእማማ ብርቄ ጎመን ቀና አለ። የቢተው ጎመን ግን አልሞተም እንጂ ባለበት ቆመ። ሆሳዕና ሲደርስ ቅጠሉ ከሕፃን መዳፍ አይበልጥም ነበር።

የሆሳዕና ዕለት አንጓች ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አህያ እየነዳች ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። በሩን ብታንኳኳ ሰው የለም። ከጓሮ በኩል የውሃ ድምፅ ሰማች። ዞራ ብትሄድ፣ ቢተው በእማማ ብርቄ ጓሮ ተንበርክኳል። አንድ እጁ ቅሉን ይዟል፤ የሌላው ጣት አፈር ውስጥ ነው። ቆማ አየችው። ጀርባው ላይ ልብሱ እንስራው ባረፈበት በኩል ተበልቷል።

፦ የማንን ነው የምታጠጣው? አለችው።

ቢተው ደንግጦ ተነሣ።

፦ የእማማ ብርቄን። እግራቸውን ታመው ነው።
፦ የእኛስ?
፦ የእኛም ጠጥቷል፤ ግን አልደረሰም። አለና አንገቱን ደፋ። አንጓች፣ ያን ቀን መሳቄ… እኔ ዳገቱን አላውቀውም ነበር። ሁለት ሳምንት ብቻ ጨምሪልኝ።

አንጓች ወደ ትንንሾቹ ጎመኖች ሄደችና ዝቅ ብላ በጣቷ አፈሩን ነካች። ርጥብ ነው። ከዚያም ወጥታ አህያዋን ከአጥሩ አሰረች።

፦ ሁለት ሳምንቱን ሰጥቼሃለሁ። የምጠብቀው ግን እዚሁ ሆኜ ነው።

ጧት ሁለቱ ምንጭ ወረዱ። ሁለት ሰው ናቸውና አራት እንስራ ደረሳቸው። ፋሲካ ገባ፤ አገሩ ዶሮውን አረደ። ፋሲካ አልፎ በሳምንቱ፣ ሰው ሁሉ ገና ሥጋ ላይ ሳለ፣ ቢተው ጎመኑን ቀነጠሰና፣ ከተፈና፣ ራሱ ሠራው። እማማ ብርቄም በምርኩዝ መጡ። ሦስቱ ገበታ ከበቡ። አንጓች አንድ ጊዜ ጎረሰችና እጇን ከገበታው መለሰች።

፦ ምነው? አላት።
፦ ጨው የለውም። ጨምርልኝ።

ቢተው ቶሎ ብሎ ወደ ጨው ቅሉ እጁን ሰደደ። አንጓች እጁን ያዘችው።

፦ ጨዉን አላልኩህም፤ ጎመኑን።

እኔም ተረቴን ጨረስኩ፤ ጉሮሮዬን አደረቅሁ። ተረቴን መልሱ፤ በትኩስ ጎመን አፌን አብሱ። ቃሪያ ጣል ብታደርጉበትም አልቀየማችሁም።