መርከብን ያስጾመችው ሴት

በባሕርም በየብስም ለሚጠሯት ፈጥና የምትደርስ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም፣ መርፌ ከእጇ ለማይለይ ለአንዲት ሴት ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ምእመናን ሆይ፣ ልባችሁን አቅርባችሁ ስሙ።

በበጌምድር አገር ትብለጽ የምትባል፣ የክርስትና ስሟም አመተ ድንግል የሆነ አንዲት መበለት ነበረች። እርሷም እመቤታችንን አብልጣ ትወድ ነበርና በየዕለቱ ውዳሴዋን ሳትደግም፣ ደግሞም የተቀደደ አንድ ነገር ከሰው ተቀብላ በስሟ ሳትሰፋ እህል አትቀምስም ነበር። የለማኝ ቁምጣ ይሁን የካህን ቀሚስ አትመርጥም፤ የሚሰፋ ባጣች ቀን ጎረቤቶቿ «እመት ትብለጽ ምሳ እንድትበላ አንድ ነገር እንቅደድላት» እያሉ ያሾፉባት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ኢየሩሳሌምን ተሳልማ ስትመለስ፣ ከዐሥራ አንድ ተሳላሚዎች ጋር በሱዌዝ ወደብ ሳምቡክ በምትባል ባለ ሸራ የእንጨት መርከብ ተሳፈረች። አዛዧም፣ በመርከበኞቹ አጠራር ናኩዳው፣ ሐምዳን የሚባል የምጽዋ ሙስሊም ሽማግሌ ነበር። በዚያች መርከብ ላይ አንድ ነገር ሳይሰበር የሚውልበት ቀን አልነበረም፤ ዛሬ የሸራው ገመድ ይበጠሳል፣ ነገ መሪው ከማጠፊያው ይወልቃል፣ በማግሥቱ የውኃ መቅጃው ባልዲ ባሕር ይገባል፤ ናኩዳው ግን አይቆጣም፣ መርከብና ሽማግሌ ሳያቃስቱ አይውሉም ይል ነበር እንጂ። ትብለጽም ከሁሉ ይልቅ ደስ አላት፤ በዚያች መርከብ የሚሰፋ አጥታ አታውቅምና። ሸራው በተቀደደ ጊዜ የጋቢዋን ጫፍ ቆርጣ ጣፈችው፣ የመርከበኞቹንም ሱሪ ሁሉ ሰፋች፤ እነርሱም «እማማ መርፌ» ብለው ሰየሟት።

ከዚያም የፍልሰታ ጾም ገባ። ነሐሴ አንድ ቀን ትብለጽ በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ የተቀመጠችበትን ሰሌን ብታነሣ እጇ ቅባት ነካ፤ አንዱን መርከበኛ ብትጠይቀው የበግ ሞራ እንደሆነና በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ እንደሚቀባ ነገራት። ሞራ ላይ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያም መድገሟን ባሰበች ጊዜ እጅግ ደነገጠችና፣ መርከበኞቹ ከላይ በሸራው ሥራ ተጠምደው ሳሉ፣ ቢላዋዋንና ከአገሯ የያዘችውን እንዶድ አውጥታ መፋቅ ጀመረች። በሳንቃዎቹ መካከል ተጠቅጥቆ ያገኘችውን ጥጥም ቆሻሻ መስሏት መዝዛ ወደ ባሕር ጣለችው። ሌሎቹም ተሳላሚዎች አይተው ተባበሯት፤ ከተሳላሚዎቹ አንዱ የሆኑት፣ አባ ዘወንጌል የሚባሉት የንስሐ አባቷም ወርደው አዩና፣ አሁንስ ቅዳሴ ይቀደስበታል ብለው አመሰገኗት።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ነፋሱ በረታ፣ ሞገዱም ከፍ አለ፤ በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ ውኃ እስከ ቁርጭምጭሚት ሞላ። ናኩዳው ወርዶ የሳንቃዎቹን መጋጠሚያ አየ፣ ተሳላሚዎቹንም አየ፤ ከዚያም ጥጡን ማን እንዳወጣው ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ፣ ናኩዳ» አለች ትብለጽ፤ «ጾም ስለሆነ ነው።»

ናኩዳውም፣ «እመት፣ የሚጾም ሰው ብዙ ጭኛለሁ» አላት፤ «መርከቤን ያስጾመ ሰው ግን ገና ዛሬ አየሁ።»

መርከበኞቹ እየፈሩ ሳቁ፤ ወዲያውም በድስትና በቅል ውኃውን እየቀዱ ይደፉ ጀመር፤ ውኃው ግን እስከ ጉልበት ደረሰ። አዲስ ጥጥ ሊጠቀጥቁ ቢሞክሩ የሚገባው ውኃ ኃይል እየገፋ ይመልስባቸው ነበር፤ የብስም በየትም በኩል አልታየም። በመርከቢቱ ላይ ሃያ ነፍስ ነበረ።

ትብለጽም በውኃው ውስጥ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ እያለቀሰች ጸለየች፤ «እመቤቴ ሆይ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እነዚህ ሰዎች በእኔ ንጽሕና አይሙቱ» አለች።

ያን ጊዜ እመቤታችን በውኃው ላይ ቆማ፣ የልብሷ ዘርፍ ሳይርስ፣ ፈገግ ብላ ታየቻትና እንዲህ አለቻት፤ «ልጄ፣ ጾም የታዘዘው ለአንቺ ነው፤ መርከቢቱ መቼ ተጠመቀች? ሞራዋን መልሺላት።» ይህንም ብላ የልብሷን ዘርፍ በተከፈተው መጋጠሚያ ላይ ዘረጋችና ተሰወረች።

ውኃውም ቆመ። መጋጠሚያው እንደ ተከፈተ ነው፤ በስንጥቁ ማዶ አረንጓዴው ባሕር ይታያል፣ አንዲት ትንሽ ዓሣም መጥታ ወደ ውስጥ ተመለከተቻቸው፤ ነገር ግን አንዲት ጠብታ አልገባችም። ናኩዳው ጣቱን በስንጥቁ አግብቶ ሲያወጣው ርሶ ነበር። ትብለጽ ያየችውን በነገረችው ጊዜም፣ እኛም መርየምን እናውቃታለን፣ ነገር ግን ስንደነቅ እንዳናስጠብቃት ፈጠን በሉ ብሎ ጥጥና አንድ ገንቦ ሞራ አስመጣ። ትብለጽም ማንም እንዲቀድማት አልወደደችም፤ እጇን እስከ ክርኗ ሞራ ውስጥ ነክራ፣ ውዳሴዋን እየደገመች ጥጡን ታሸው ጀመር፤ አባ ዘወንጌልም ጥቂት ካመነቱ በኋላ እጅጌያቸውን ሰብስበው አብረዋት አሹ። የመጨረሻው ጥጥ በገባ ጊዜ ባሕሩ በውጭ በኩል በር እንደሚደበድብ ሰው ሳንቃውን መታው፤ መርከቢቱም ተንቀጠቀጠች፣ ነገር ግን አላስገባችም።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው፣ ተሳላሚዎቹ የራሰ ሽምብራ አቀረቡ፣ ናኩዳውም ተምር አመጣላቸውና በአንድነት እየሳቁ በሉ። ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ በዕርገቷ ቀን፣ ምጽዋ ደረሱና በእልልታ ወረዱ። ትብለጽም ወደ አባ ዘወንጌል ቀርባ በጾም ሞራ ስለ ነካች ቀኖና እንዲሰጧት ለመነቻቸው። እርሳቸውም ጥፍራቸውን ተመለከቱ፤ ሞራው ገና አልለቀቀም ነበር። «ልጄ» አሏት፣ «ለሁለታችንም ሌላ ካህን እንፈልግ።»

ይህን ተአምር የጻፈችውን፣ ያነበበውን፣ የሰሙትንም፣ ሁላችንንም እመቤታችን በምልጃዋ ትጠብቀን፤ በክፋት ከማፍረስ ትከልክለን፣ በቅን ልብ ያፈረስነውንም ትጠግንልን፤ ለዘለዓለሙ፣ አሜን።