የነብሩ ጥቁር ልጅ

አንድ ጊዜ ጥቅጥቅ ባለ የደጋ ጫካ ውስጥ፣ በዝንጉርጉር ቆዳው እጅግ የሚኮራ ነብር ይኖር ነበር። ከአደን ሲመለስ ከመብላቱ በፊት ቆዳውን ልሶ ያሳምር ነበር ይባላል። ሚስቱ ሦስት ልጆች ወለደችለት። ሁለቱ እንደ አባታቸው ቢጫና ዝንጉርጉር ናቸው። ሦስተኛው ግን እንደ ከሰል ጠቁሮ ተወለደ።

ነብሩ ልጁን አይቶ ፊቱን አዞረ። ሚስቱን አንዳች ነገር አልጠየቃትም። ነገር ግን ሁለቱን ሲልስና ሲያጫውት ጥቁሩን አልፎት ይሄድ ጀመር።

ቀበሮ ይህን ወሬ ሰማች። ወዲያው ወደ አያ ጅቦ ዘንድ ሄዳ፣ ነብሩ ልጁን ከጫካው ዳር ካለው ገደል ቢጥለው ለሁለቱም ጥሩ ምሳ እንደሚሆን አስረዳችው። ከገደሉ ሥር ተደብቆ እንዲጠብቅ፣ ትንፍሽ እንዳይልም አጥብቃ አስጠነቀቀችው። ከዚያ ነብሩን ብቻውን ሲያዘግም አገኘችው።

«ጌታዬ፣ እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ከሁለት ዝንጉርጉሮች ጥቁር ሲወለድ ማን አይቷል? አገሩ እኮ እየሳቀብዎት ነው፤ ገደሉ ደግሞ ሩቅ አይደለም» አለችው በለሰለሰ አንደበት።

ነብሩ ኩራቱ ተነካ። ቤቱ ገብቶ ልጁን በማጅራቱ አንጠለጠለና ወደ ገደሉ አመራ። ቀበሮም ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ለማየት ከኋላ ከኋላው ተከተለች። እናቲቱ ግን ሮጣ ቀድማው መንገዱ ላይ ቆመች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

«እናቴ ጥቁር ነበረች» አለችው። «ከእሷ የወረስኩት ጥቁርነት በቢጫው ቆዳዬ ሥር ተደብቆ ኖሯል። አላፍርበትም።»

ነብሩ ልጁን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ ጥቁርነቱ በእሷ ወገን የመጣ ከሆነ እሱን እንደማይመለከተው ተናገረ። ይህን ጊዜ አሮጊት እናቱ እያዘገመች ደረሰች።

«ይመለከትሃል እንጂ» አለችው። «የእኔም አባት ጥቁር ነበር። ልጅ ለመልኩ አንድ ዘረመል ከእናቱ፣ አንድ ዘረመል ከአባቱ ይወርሳል። ቢጫውና ጥቁሩ ሲገናኙ ቢጫው ጎልቶ ይታያል፤ ጥቁሩ ይደበቃል፣ ግን አይጠፋም። እኔ ከአባቴ የወረስኩትን ለአንተ አቀበልኩህ፤ አንተም ለዚህ ልጅ ሰጠኸው። የሚስትህን ብቻ ወርሶ ቢሆን ኖሮ እንደ ወንድሞቹ ቢጫ ይሆን ነበር። የጠቆረው ከሁለታችሁም ስለወሰደ ነው።»

ነብሩ ይህን እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት።

«ስለ አያትህ ጠይቀኸኝ አታውቅም» አለችው።

አያ ጅቦ ከገደሉ ሥር ሆኖ ይህን ሁሉ ንግግር ቢሰማም አንዱም አልገባውም፤ የሚያዳምጠው ሆዱን ነበርና። መታገሥ ሲያቅተው አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «አንቺ ቀበሮ፣ ልጁን የሚጥለው መቼ ነው? ራበኝ እኮ» አለ።

ቀበሮ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሾልካ ጠፋች። ነብሩም ሴራው ሁሉ ገባው። ወደ ጅቡ ሊወረወር ሲል ግን ያ ትንሽ ጥቁር ልጅ ቀድሞት ፊት ወጣ፤ ጸጉሩን አቁሞ፣ ጥርሱን አሳይቶ፣ ከእናቱና ከአያቱ ፊት ቆመ። በዚያች ቅጽበት በቅርንጫፎቹ መካከል የገባው የፀሐይ ብርሃን ጀርባው ላይ አረፈ። ከጥቁሩ ጸጉር ሥር እንደ ጥላ የደበዘዘ ዝንጉርጉር ታየ፤ ልክ እንደ አባቱ ያለ።

ነብሩ አገሣ። አያ ጅቦ የሚሮጥበትን አቅጣጫ እንኳ ሳይመርጥ እግሬ አውጪኝ አለ። አባት ግን አላሳደደውም። ጎንበስ ብሎ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ላሰው፤ ሚስቱንም ይቅርታ ጠየቃት።

በማግስቱ አራዊት ሁሉ በሚሰበሰቡበት ሜዳ ላይ ነብሩ ልጆቹን ይዞ ወጣ። ጥቁሩን ከፊት አስቀድሞታል። ማንም ሳይጠይቀው ራሱን ቀና አድርጎ፣ «ይህ ገሰላ፣ ይህ ጥቁር ነብር፣ የእኔ ልጅ ነው፤ የአያቴን መልክ ይዞልኝ መጣ» አለ። የሳቀ አልነበረም። እናቲቱም ከጎኑ ቆማ እየኮራች ታዳምጠው ነበር።

ከዚህ የምንማረው ልጅ በወላጆቹ ላይ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን በውስጣቸው ተደብቆ የቆየውን የአያት ቅድመ አያቶቹን ዘር ጭምር ወርሶ ስለሚወለድ፣ መልኩ ለየት ቢል የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር እንዳልሆነ ነው።