የጓደኛው ወንበር

አንድ ሰው ነበረ። አይሁዳዊ ነው፤ በጀርመን አገር አንቱ የተባለ የፍልስፍና መምህር። ዘሩ ተቆጥሮበት ከሥራው ተባረረ፤ ነፍሱን ይዞ አሜሪካ ገባ። አንቺ ልጄ፣ ከቀዬሽ ተፈናቅለሽ፣ አብራሽ ታስተምር የነበረች ጓደኛሽም እዚያው ቀርታብሽ ስትመጪ፣ የዚህ ከተማ ትምህርት ቤት «አስተምሪልን» ቢልሽ፣ «ባዶ እጄን የመጣሁ ለሰው አገር ልጅ ምን እሰጣለሁ?» አልሽኝ አይደል? እሱም ይህንኑ ነበር የሚለው። እስኪ ስሚኝ።

ደጅ የጠናባቸው ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ፊት ነሱት። በደቡብ በኩል ያለ አንድ ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ግን «ና» አለው፤ ሄደ።

የዚህ ሰው ወገኖች መጽሐፍ የሚያጠኑት ሁለት ሁለት ሆነው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። አንዱ ያነባል፤ ሌላው «ከየት አመጣኸው?» እያለ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣዋል። ለማያውቅ ሰው ሊደባደቡ ነው የሚመስለው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ሰውየውም ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ የሚሟገተው አንድ ጓደኛ ነበረው። ጓደኛው መውጫ አጥቶ እዚያው ቀረ፤ ወሬውም ጠፋ። ሰውየው በተሰጠው ቢሮ ከጠረጴዛው ማዶ አንድ ወንበር አኑሮ ማንንም አያስቀምጥበትም። ያ ቦታ ባዶ ከሆነ ወዲህ ከክፍል ውጭ መጽሐፍ መግለጥም አስጠልቶታል።

ክፍል ሲገባ ታዲያ በለመደው ልማድ ያስተምራል። ተማሪ አፉን ሲከፍት «አይደለም! ማስረጃህ የታለ?» ብሎ ይጮኻል። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው «እሺ ጌታዬ» ይላሉ። እሱም «እነዚህስ ማሰብ አይወዱም» ብሎ ተስፋ ቆረጠ። ምን ያድርጉ? በዚያ ዘመን በዚያ አገር ጥቁር ሰው ለጮኸበት ነጭ መልስ መስጠት ሕይወት ያስከፍል ነበር። ይህን የነገረው ሰው የለም።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ፣ የልብስ አጣቢ ልጅ፣ ሻንጣዋን ይዛ ቢሮው መጣች። ትምህርቱን ትታ ወደ ቤቷ ልትመለስ ነው።

«ምነው?» አላት።

«ለትምህርት አልሆንም መሰለኝ» አለች፣ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ። «አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይቆጡኛል።»

ሰውየው ክው አለ። «ልጄ፣ እኛ ዘንድ የሚጮኸው በሚያከብሩት ሰው ላይ ነው፤ የናቁትንማ ዝም ነው» አላት። አላመነችውም። ሻንጣዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች።

ይሄኔ ያንን ወንበር ሳበና «ተቀመጪ» አላት። ማንም እንደማይቀመጥበት ኮሌጁ ሁሉ ያውቃል። ፈራ ተባ እያለች ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«በይ አሁን አንቺ ጩኺብኝ። ትናንት ካስተማርኩት ልክ ያልሆነው የቱ ነው?»

ልጅቱም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሕግ ሰዎች ተስማምተው ያቆሙት ነው ብለዋል» አለች። «እናቴን ማን ጠየቃት?»

ሰውየውንም ከአገሩ ያስወጣው ሕግ ነበር፤ ግን ከመጽሐፉ ያገኘውን እንዳለ ሲያነብላቸው ነው የከረመው። ጓደኛው ቢኖር ልክ እንዲህ ብሎ ያፋጥጠው ነበር። ዐይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጠረጴዛውን መታና «እናትሽ ዝም ማለቷ መስማማት አይደለም ወይ?» ብሎ ጮኸ።

«አይደለም!» ብላ ልጅቱም ጮኸች። ሻንጣው በሩ ሥር ተረስቶ ዋለ።

ከዚያ ወዲያ የክፍሉ ወንበሮች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ዞሩ። ልጅቱ ተመርቃ አስተማሪ ሆነች። እሷ ካስተማረቻቸው ውስጥ ዳኛ ፊት ቆመው «እናቶቻችንን ማን ጠየቃቸው?» የሚሉ ጠበቆች ወጡ።

አየሽ ልጄ፣ ያ ሰው ባዶ እጁን አልመጣም። ሙግቱን ይዞ ነው የመጣው፤ የጎደለው ማዶ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ጓደኛውንም አልረሳውም። አንቺም የጓደኛሽን ቦታ ጠብቀሽ ይዘሻል፤ አልፈርድብሽም፣ ሐዘንሽ ሐዘን ነው። ግን የዚህ ከተማ ልጆች ቆመዋል። ወንበሩን ሳቢላቸው።