የአህይት ጆሮና የአያ ጅቦ ሽምግልና

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ድሮ ድሮ፣ ወፍጮ ሌት ተቀን በሚያጉረመርምበት ወንዝ ዳር አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። እንቅልፍ ካጣች ሦስት ወር ሆኗታል። ጭነቱ አልከበዳትም፤ ወፍጮው ግን መረራት።

«እኔ አለሁልሽ» አላት ሰም። «ጆሮሽን ግጥም አድርጌ እደፍነዋለሁ። ምንም አይገባም።»

«እኔም አለሁ» አላት ጢንዚዛ። «ጆሮሽ ሥር ሆኜ ወፍጮው እምም ሲል በእምምታ እመልስለታለሁ፤ ሁለቱ ድምፆች ተጣልተው ይጠፋሉ። ድንገተኛ ኮሽታ ግን ያመልጠኛል፤ አልዋሽሽም።»

አንድ ቀን ሰሙን ሞከረች። እንቅልፍ ጣላት፤ ውርንጭላዋ ሦስት ጊዜ ብትጠራት አልሰማችም። በማግስቱ ጢንዚዛን ሞከረች። ወፍጮው ጠፋ፤ የውርንጭላዋ ሳል ግን ሦስት ጊዜ ቀሰቀሳት። በሦስተኛው ቀን መምረጥ አቃታት፤ ሰምና ጢንዚዛም ተጣሉ።

በዚያ አገር ጠብ ያለ ሽማግሌ አይበርድም። በዕድሜ ደግሞ ከአያ ጅቦ የሚበልጥ አልነበረም። ስለዚህ ዋርካው ሥር ሄደው ከፊቱ ቆሙ።

«ጢንዚዛ ኮሽታ ያሳልፋል?» አለ አያ ጅቦ።

«ያሳልፋል» አለች አህይት።

«ኮቴስ?»

«እሱንም።»

«ይህማ ነውር ነው» አለ አያ ጅቦ በሐዘን። «ልጄ፣ ሰሙን አድርጊ። ለመሆኑ መቼ ነው የምትተኙት?»

«ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ደግ። ውርንጭላሽን በበሩ በኩል አስተኛት፤ አየር ታግኝ።»

አህይት ጉልበቱን ስማ፣ መርቋት ተመለሰች። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ አንዱን ጆሮዋን ደፈነች። ሁለተኛውን ልትደፍን ስትል ውርንጭላዋ ከበሩ በኩል ተናገረች።

«እማ፣ አያ ጅቦ የምንተኛበትን ሰዓት ለምን ጠየቁ?»

አህይት ሰሙን አውጥታ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ወተፈችው፤ ልጇን ወደ ጓዳ አስገባች፤ ጢንዚዛን ጠርታ ራሷ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተኛች። ወፍጮው ጠፋ።

ጥቂት ቆይቶ ጭራሮ ቀጭ አለ። አህይት ዞራ እንኳ ሳታይ በሁለት የኋላ እግሯ መጪውን ረገጠችው።

አያ ጅቦ መንጋጋውን ይዞ ደጅ ተቀመጠ። «የሽማግሌ ፍርድ አልቀበልም ማለትሽ ነው?» አለ።

«ይግባኝ ብያለሁ» አለች አህይት፤ ተመልሳም ተኛች።

ዝምታ ደግ ነው፤ ጅብ የመረጠልህ ዝምታ ግን ለጅብ ነው። ተረቴን መልሱ፤ ጆሮዬን ክፍት ተዉልኝ።