መንገድ የሚለቁለት መርከብ

አንድ መልእክተኛ ነበረ፤ የሚመላለሰውም በሰማይ ነበር። አትሳቂ፣ የምሥራች። ደውለሽ «ጋሼ፣ በምሠራው ጌም ውስጥ የጠፈር መርከቦቹን በመጠናቸው ልመድባቸው ወይስ በሥራቸው?» ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ። ፊዚክስ ያስተማረኝ ሰውዬ ስለ ጌም ምን ያውቃል ካልሽ ስልኩን ዝጊው። ካልዘጋሽ ስሚኝ።

ሰውየው መጀመሪያ የነበረችው መርከብ እዚህ ግባ የምትባል አልነበረችም። ከአንድ ጓደኛው ጋር ጉልበት ለጉልበት እየተነካኩ ይቀመጡባታል። እሱ ይነዳል፣ ጓደኛው ሞተሯን ይጠግናል። ከአንዱ ትንሽ ወደብ ወደ ሌላው መድኃኒት ያደርሳሉ። ሲደርሱ ሰው ሁሉ «መድኃኒት አምጪዎቹ መጡ!» እያለ ይወጣል። ስማቸውን የሚያውቅ ብዙም አልነበረም፤ በሥራቸው ነበር የሚጠሩት።

በዚያ ሰማይ ግን መርከብ የሚመደበው በርዝመቱ ነበር። ከሁሉ በታች ተላላኪ፣ ቀጥሎ ጫኝ፣ ከዚያ አጃቢ፣ ከዚያ ተዋጊ፤ ከሁሉም በላይ ከተማ የሚያህል እናት መርከብ አለ። ስሞቹን ስትሰሚያቸው የሥራ ስም ይመስላሉ፤ ሲመደቡ ግን የሚታየው ሜትሩ ብቻ ነው። ምንም የማይጭን ጫኝ፣ ማንንም የማያጅብ አጃቢ ሞልቶ ነበር። ሕጉም «ታላቁ ሲመጣ ታናሹ መንገድ ይልቀቅ፣ ሬዲዮውንም ይዝጋ» ይላል። መልእክተኛው ዳር ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ መረረው።

«እስከ መቼ ነው የምንገፋው?» አለ።

ጓደኛው «እኔን ማንም አልገፋኝም፤ ትንሿ የማትገባበት ቤት የለም» አለው። ተለያዩ። ሳይጣሉ ነው የተለያዩት፤ የሚከፋውም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ከማዕረግ ወደ ማዕረግ ወጣ። ጫኝ ሲይዝ ትንንሾቹ ወደቦች ጠበቡት። ተዋጊ ሲይዝ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ቤታቸው ገቡ። በመጨረሻ እናት መርከብ ያዘ። ሁሉን የሚሠራው ማሽን ስለነበር ሌላ ሰው አላስፈለገውም። ኮሪደሩ ማለቂያ የለውም፤ ሲራመድ ከፊቱ መብራት ይበራል፣ ካለፈ በኋላ ይጠፋል። ለመቶ ሰው በተሠራ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ብቻውን ይበላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። እያደር ግን ድምፁ እንዳይጠፋበት እየበላ ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ።

ሬዲዮውን ከፍቶ የትንንሾቹን መርከቦች ወሬ ያዳምጣል። ይቀላለዳሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ሞተር ባስቸገረው ላይ ያሾፋሉ። ሆዱ ይባባል። ሰላም ሊላቸው አዝራሩን ይጫናል። እሱ አፉን ሳይከፍት ግን የመርከቡ ማሽን ይቀድመውና «እናት መርከብ! አንደኛ ማዕረግ!» ብሎ ያውጃል። ወሬው ቀጥ ይላል። «ለቀናል ጌታዬ!» ይሉና ሬዲዮአቸውን ይዘጋሉ። «እንደምን ዋላችሁ» የሚለው ሰላምታ አፉ ላይ ይቀራል። ይህን ኑሮ ብሎ ስንት ዘመን ኖረ።

አንድ ቀን አየር የሚያጣራው ሞተር ቆመ። ጠጋኙ ማሽንም አልሠራ አለ። በዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ አየሩ እየከበደ ሄደ። ሌሎቹን እናት መርከቦች እንዳይጠራ፣ መድከሙን ከሰሙ የሚመጡት ሊዘርፉት ነው። ትንንሾቹን ጠራ። «አንደኛ ማዕረግ!» አለ ማሽኑ። «ለቀናል ጌታዬ!» አሉ። ደግሞ ጠራ። ደግሞ ለቀቁ። እርዱኝ ብሎ በጮኸ ቁጥር ሰማዩ ባዶ እየሆነ፣ መንገዱ እየሰፋለት ሄደ። ወይ ጉድ! ሰውየው እየተከበረ ሊሞት ነው።

በመጨረሻ ተንበርክኮ ማዕረግ የሚያውጀውን ማሽን ሽቦ በእጁ በጠሰው። ከዚያ አዝራሩን ተጭኖ፣ «እኔ መድኃኒት አመላላሹ ነኝ። አየር አልቆብኛል» አለ።

«የትኛው መድኃኒት አመላላሽ?» የሚል ድምፅ መጣ። «ያ ሲዘፍን እንደ አህያ የሚያናፋው?»

ጓደኛው ነው። ሰውየው «እሱው ነኝ» አለና አለቀሰ።

«አንተ ሰው! የት ጠፍተህ ነው?»

«የትም አልጠፋሁም። በየቀኑ እጠራችሁ ነበር።»

ጓደኛው በትንሿ መርከብ ከነፈ። የእናት መርከቡ በር ለትልልቆቹ የተሠራ ነበርና ትንሿ ልትገጥምበት አልቻለችም። ሰውየው የጠፈር ልብሱን ለብሶ ከደፉ ላይ ዘለለ፤ ጓደኛው በገመድ ስቦ አስገባው። ትልቁ መርከብ መብራቱ እንደበራ መንገዱን ቀጠለ። ትንንሾቹም ግዝፈቱን ከሩቅ እያዩ እስከ ዛሬ መንገድ ይለቁለታል፤ ውስጡ ግን ሰው የለም።

አየሽ የምሥራች፣ መጠንን ብቻሽን ሆነሽም ትለኪዋለሽ፤ ሜትር ካለሽ ይበቃል። ሥራ ሲሆን ግን «ለማን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሌላ ሰው ከሌለ ሥራው ስም የለውም። ስለዚህ በጌምሽ ውስጥ ሥራውን አስቀድሚ፤ መጠኑን ከሥሩ አድርጊ፣ ተጫዋቹ መርከቡ በየትኛው በር እንደሚያልፍ ይወቅበት። ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው ነው። ለሱማ ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የለፈለፍኩት ድምፅሽን ሰምቼ ነው። ከሮዛና ከዮፍታሔ ጋር በዚያች ጠባብ ክፍል ሥራውን ስትጀምሩ አይቻችኋለሁ፤ ሳቃችሁ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሆነሻል፣ እሰየው። በቀደም ሁለቱን አግኝቼ «የምሥራችን አትጠይቋትም እንዴ?» ብላቸው፣ «እሷማ ትልቅ ሰው ሆናለች ጋሼ፣ ለምን እናስቸግራት» አሉኝ። አንቺ ደግሞ ስለ መርከብ ልትጠይቂኝ ደውለሽ፣ መሃል ላይ «ማንም አይደውልልኝም፣ ጠልተውኝ መሰለኝ» አልሽ። ያ ሰውዬ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። አልጠሉሽም። መንገድ ለቀውልሽ ነው። ዛሬውኑ ደውዪላቸው፤ ማዕረግሽን ተዪና የጎደለሽን ንገሪያቸው።