ሽኮኮ፣ ዝንጀሮና የተናቀው ካርታ

ተረት ተረት ስላችሁ "የላም በረት" በሉኝ እንጂ ዝም አትበሉኝ። ዝም ብላ የተጫወተች አንዲት ሽኮኮ ምን እንደደረሰባት አሁን ትሰማላችሁ።

በድሮ ዘመን፣ ካርታ እንኳ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ገደል ሥር እመት ሽኮኮ ትኖር ነበር። እመት ሽኮኮ ሦስት ነገር ነበራት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቅበት ሰፊ ድንጋይ ነበራት፤ ፍሬ የምትለቅምበት ሾላ ነበራት፤ አራት ልጆቿን የምታስተኛበት ዋሻ ነበራት። ከገደሉ አናት ላይ ደግሞ አያ ዝንጀሮ ይኖር ነበር። እሱ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሌላውን ሀብት ሲያይ የሚቀላ ዓይን።

አንድ ቀን አያ ዝንጀሮ ስድስት ካርታ ይዞ ከገደሉ ወረደ።

"እመት ሽኮኮ፣ ነይ እንጫወት" አላት። "ሦስት ካርታ ለአንቺ፣ ሦስት ካርታ ለእኔ። ለሁለታችንም አንድ ዝሆን፣ አንድ አንበሳ፣ አንድ ውሻ። ዝሆን ሁለቱንም ይበላል፤ አንበሳ ውሻን ይበላል። ሦስት ዙር እንጥላለን፤ ሁለቱን ዙር የበላ አሸነፈ።"

"ካሸነፍከኝስ?"

"ድንጋይሽን እወስዳለሁ።"

"ካሸነፍኩህስ?"

"ሁለተኛ ከገደሉ አልወርድብሽም።"

ይህን ስትሰማ ሽኮኮ ልቧ ዘለለ። ዝንጀሮ የማይወርድበት ኑሮ ምን ያህል ጣፋጭ ነው! ሌላ ምንም ሳትጠይቅ ካርታዎቿን አነሣች።

ዝሆኑ ገና ከእጇ ሳይገባ "እኔን ጣይኝ! እኔን የሚችል የለም!" እያለ ጮኸ። አንበሳው "እኔስ ከማን አንሼ!" አለ። ውሻው ግን ዝም አለ፤ የጠየቀውም የለም።

"ባለቤት ቀድሞ ይጥላል" አለ ዝንጀሮ። "ሕጉ ነው።"

ሽኮኮ ዝሆኗን ጣለች። ዝንጀሮ አየና ውሻውን ጣለ። ሽኮኮ "በላሁ!" ብላ ዘለለች። ቀጥላ አንበሳዋን ጣለች። ዝንጀሮ አየና ዝሆኑን ጣለ።

"ቆይ፣ ቆይ! ዝሆኔን ላንሣው!" አለች።

"የተጣለ ካርታ አይነሣም። ሕጉ ነው፤ አልነገርኩሽም እንዴ?"

"አልነገርከኝም።"

"እንግዲህ ነገርኩሽ።"

በእጇ የቀረው ውሻ ብቻ ነበር። ውሻዋን ጣለች፤ ዝንጀሮ በአንበሳው በላት። ወዲያው ሄዶ ድንጋይዋ ላይ ተንሰራፍቶ ተቀመጠ። መቼም የዝንጀሮ ዘር "ቅድሚያ የመቀመጫዬን" ማለት ያውቅበታል።

እመት ሽኮኮ አልቅሳ አልቅሳ በሦስተኛው ቀን ተነሣች። "እንደገና እንጫወት፤ ካሸነፍኩህ ድንጋዬን ትመልስልኛለህ። አሁን ግን ቀድሜ አልጥልም። ሁለታችንም ደፍተን እንጥላለን፣ እኩል እንገልጣለን" አለችው።

"እሺ፤ ከተሸነፍሽ ግን ሾላው የእኔ ነው" አለ ዝንጀሮ። እሺታው ፈጠን ማለቱን እናንተ ልብ አላችሁ፤ እሷ ግን ልብ አላለችም።

ደፍተው ጣሉ፤ ገለጡ። የእሷም ዝሆን፣ የእሱም ዝሆን።

"እኩል ሲሆን የትልቅ ነው" አለ ዝንጀሮ። "በዕድሜ እበልጥሻለሁ። ሕጉ ነው፤ አልነገርኩሽም እንዴ?"

"አልነገርከኝም!"

"እንግዲህ ነገርኩሽ።"

እንደገና ደፍተው ጣሉ፤ ገለጡ። የእሷም አንበሳ፣ የእሱም አንበሳ። ይኸም የትልቅ ሆነ። ዝንጀሮ ሁለት ዙር በላ፤ ሾላው ላይ ወጥቶ ፍሬውን እየገመጠ ልጣጩን በሽኮኮ ራስ ላይ ወረወረ።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ከፋ። ልጆቿ ጠዋት በብርድ ይንቀጠቀጣሉ፤ ቀን በረሃብ ያለቅሳሉ። ክረምቱም እየገባ ነበር። ዝንጀሮ ደመናውን አየና ከሾላው ላይ ሆኖ "ዋሻሽም ደህና ይመስላል፤ ለዝናብ ጊዜ ይሆነኛል። መቼ ነው የምንጫወተው?" አላት።

ሽኮኮ ካርታዎቿን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ አባ ኤሊ ሄደች። አባ ኤሊ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር ሲሰሙ አንገታቸውን ያወጣሉ፣ ሲፈርዱ ይመልሳሉ።

"አባቴ፣ ዝንጀሮ በካርታ ድንጋዬንም ሾላዬንም በላኝ" አለቻቸው።

"በካርታ አይደለም ልጄ፤ ባልጠየቅሽው ነው የበላሽ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ሲባል አልሰማሽም? በአገራችን ልማድ በሽማግሌ ፊት ሦስት ጊዜ ያልተነገረ ሕግ፣ ሕግ አይባልም። ነገ መጥቼ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ጠይቂ።"

"ሕጉስ ይሁን፤ ግን እንዴት አድርጌ ላሸንፈው?"

አባ ኤሊ ሳይመልሱ ከብብቷ ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ። ውሻው ነበር።

"እመቴ፣ እኔ ስድስት ዓመት በዝንጀሮ እጅ ኖሬአለሁ። ደፍቶ ሲጥል ሁልጊዜ ዝሆኑን ያስቀድማል፤ ቀጥሎ አንበሳውን ነው። እኛን ውሾቹን ስለሚንቀን መጨረሻ ላይ ይተወናል።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"ማን ጠየቀኝ? አንቺ የምትሰሚው የሚጮኸውን ነው። ነገ እኔን አስቀድሚኝ። እኔ ተበልቼ እወድቃለሁ፤ ግን የእሱን ዝሆን ይዤ ነው የምሄደው።"

ሽኮኮ አፈረች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ውሻውን ሳመችው።

በማግሥቱ አባ ኤሊ ዋሻው ደጃፍ ተቀመጡ። ደመናው ጠቁሯል፤ አራቱ ልጆች ከውስጥ ሆነው ያያሉ።

"ከተሸነፍኩ ዋሻዬን ለቅቄ እወጣለሁ" አለች ሽኮኮ። "ካሸነፍኩ ግን ድንጋዬም ሾላዬም ይመለሳል፤ አንተም ሁለተኛ ከገደሉ አትወርድም።"

"እሺ፣ እሺ! ጣይ!"

"አልጥልም፤ መጀመሪያ ሕጉን ንገረኝ። ማን ይቀድማል?"

"ማንም አይቀድምም፤ ደፍተን ጥለን እኩል እንገልጣለን!"

"የተጣለ ካርታ ይነሣል?"

"አይነሣም!"

"እኩል ሲሆንስ?"

"የትልቅ ነው፤ የእኔ ነው!"

አባ ኤሊ ይህን ሲሰሙ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ሽኮኮ ግን "ግድ የለም አባቴ፣ ይሁንለት" አለች። "ሌላ ሕግስ አለ?"

"የለም አልኩሽ!"

"ድገመው።"

ደገመው። "ሠልሰው" አለችው።

"የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ!" እያለ ሠለሰው።

"ይህ ሕግ ለእኔም ለአንተም ነው?"

"ለሁለታችንም ነው! አሁን ጣይ፣ ዝናቡ መጣ!"

ደፍተው ጣሉ፤ ገለጡ። የእሱ ዝሆን፣ የእሷ ውሻ። ዝንጀሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ውሻ በዝሆን ላይ! ልጆች፣ ዕቃችሁን ሰብስቡ!"

ደፍተው ጣሉ፤ ገለጡ። የእሱ አንበሳ፣ የእሷ ዝሆን። የዝንጀሮ ሳቅ ተቋረጠ።

እጁን ተመለከተ። በእጁ የቀረው አንድ ውሻ ነው። የሽኮኮን እጅ ተመለከተ። በእጇ የቀረው አንበሳ ነው። ይህን ለማወቅ ካርታ መግለጥ አያስፈልግም። ቀስ ብሎ ወደ ተጣለው ዝሆኑ እጁን ሰደደ።

"ተው!" አለ ዝሆኑ ከመሬት። "የተጣለ ካርታ አይነሣም ብለሃል። ሦስት ጊዜ ሰምቼሃለሁ።"

ዝንጀሮ ብድግ አለ። "የመጨረሻው ዙር አይቆጠርም! ሕጉ ነው፤ አልነገርኩሽም እንዴ?"

"አልነገርከኝም" አለች ሽኮኮ።

"እንግዲህ ነገርኩሽ!"

አባ ኤሊ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። "ስንት ጊዜ ነገርካት?"

"አሁን... አንድ ጊዜ።"

"እንግዲያው ሁለት ይቀርሃል። እሱን ለሌላ ጨዋታ አቆየው፤ ለዛሬው ጣል።"

ዝንጀሮ ውሻውን ጣለ። እመት ሽኮኮ ቀጥ ብላ ቆመች፣ አንበሳዋን ከፍ አድርጋ ለልጆቿ አሳየች፣ ከዚያ ጧ አድርጋ ጣለችው። እልልታዋ ገደሉን አናወጠው፤ ልጆቿም ከዋሻው ወጥተው ዘለሉ። አባ ኤሊ እንኳ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እግራቸውን አንሥተው አሸበሸቡ።

ዝናቡ የወረደው ያን ጊዜ ነው። ዝንጀሮ በዝናብ እየተደበደበ ወደ ገደሉ አናት ወጣ። ሽኮኮ ልጆቿን ይዛ ዋሻዋ ገባች። ዝናቡ ሲያባራ አምስቱም ከሰፊው ድንጋይ ላይ ተዘርረው ፀሐይ ሞቁ፤ ከሾላው የወደቀውን ፍሬም እስኪጠግቡ በሉ። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም።

እናንተም ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ቢቀር አፌን በበቆሎ እሸት አብሱልኝ። ምክሩንም ያዙት፤ ሕጉን ሳትጠይቅ ካርታ አታንሣ፤ ካነሣህም አንዱን ስጥና ሁለቱን ብላ።