እስክስታ የሚወርደው በረኛ

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ጭፈራና እግር ኳስ የተቀላቀለበት ቴአትር ሊያይ የመጣው ሰው የላይ ሰፈርን የባህል አዳራሽ ሞልቶ ተርፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ቴአትሩ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር የኳስ ግጥሚያ ነው። ተጫዋቾቹ ግን የሚሮጡት በከበሮ ምት፣ ኳስ የሚቀባበሉትም እስክስታ እየወረዱ ነው። ኳሷ አምፖል እንዳትሰብር ከጨርቅ ተሠርታለች።

የላይ ሰፈር በረኛ ሆኖ የሚጫወተው ላቀው የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። ትከሻው አጥንት ያለው አይመስልም። ቴአትሩ የሚያልቀው በእሱ ነው፤ ታች ሰፈሮች ሪጎሬ ያገኛሉ፣ ላቀው ጎሉ ላይ ቆሞ እስክስታ ይወርዳል፣ ከበሮው ሦስት ጊዜ ሲመታ ኳሷ ትመጣለች፣ እሱ ይይዛታል፣ ላይ ሰፈር ያሸንፋል፣ መጋረጃ ይዘጋል።

አዘጋጁ አቶ ምናሴ ሊጀመር ሲል ላቀውን ከመጋረጃው ጀርባ ጠሩት።

«ስማ፣ ኳሷ በልምምድ ላይ ሁለቴ አምልጣሃለች። ዛሬ ብታመልጥህ ይህን መድረክ ዳግመኛ አትረግጥም።»

«አያስቡ ጋሼ፣ ዛሬ ኳሷ ቀርታ ዝንብም አታልፈኝም።»

ቴአትሩ ሪጎሬው እስኪደርስ ድረስ አማረ። ላቀው ጎሉ መሃል ቆሞ ትከሻውን ሲያንቀጠቅጠው ሴቶቹ እልል አሉ። ይሄኔ ፊት ወንበር የተቀመጡት የክብር እንግዳው አቶ ወንድይፍራው አላስቻላቸውም። ከኪሳቸው መቶ ብር መዘዙ፣ መድረኩ ላይ ወጡ፣ ብሩን በምራቃቸው አራሱና የላቀው ግንባር ላይ ለጠፉለት።

«ይበል! አንበሳ!»

አንደኛው የከበሮ ምት ተመታ። ከበሮ መቺው ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚመታ ማን እንደወጣ አላየም። ሁለተኛው ተመታ። አቶ ወንድይፍራው ገና ከመድረኩ እየወረዱ ነው። ብሩ ከላቡ ጋር ተንሸራቶ የላቀውን ሁለቱንም ዓይን ከደነ። የተሸለመ ሰው ሽልማቱን ከግንባሩ ቢያነሳ ነውር ነው፤ ላቀውም በጨለማ ውስጥ እስክስታውን ቀጠለ። ሦስተኛው ተመታ። ኳሷ በእግሮቹ መሃል ገባች።

ላይ ሰፈር በገዛ አዳራሹ ተሸነፈ። መጋረጃ ሳቢውም ግራ ገብቶት መጋረጃውን እንደያዘ ቀረ።

«ውጣ!» አሉ አቶ ምናሴ እየሮጡ ወጥተው። «አልነገርኩህም? በል ማሊያውን አውልቅ!»

አቶ ወንድይፍራውም ተመልሰው መጡና የመድረኩን ማይክ አነሱ።

«ወገኖቼ፣ በረኛ ማለት ዓይኑን ከኳስ ላይ የማይነቅል ማለት ነው። እኔ የታች ሰፈር ልጅ ነኝ፣ ለታች ሰፈርም ስድስት ዓመት በረኛ ሆኜ ቆሜያለሁ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀልድ አልነበረም! ይኸው ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ሰፈሩን አዋረደ። እስቲ አሁን ምን ትላለህ?»

ማይኩን ወደ ላቀው አፍ ዘረጉለት። ላቀው ማሊያውን ግማሽ ድረስ አውልቆ ነበር፤ መልሶ ለበሰውና እጅ ነሣ።

«ጋሼ ወንድይፍራው፣ እርስዎ የታች ሰፈር ሰው ነዎት። እኔ የላይ ሰፈር በረኛ ነኝ። ሪጎሬ ሊመታብኝ ሲል፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ መቶ ብር ሰጡኝ። ብርዎን ተቀብዬ ኳሷንም ብይዝብዎት ኖሮ ነበር አታላይ የምባለው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከበሮ መቺው እንኳ ዓይኑን ገለጠ። አቶ ወንድይፍራው ማይኩን ለማን እንደሚሰጡት ጠፍቷቸው ይዘውት ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ላቀው ያው ጎሉ ላይ ነበር። አዳራሹ በር ላይ ግን በአቶ ምናሴ የእጅ ጽሑፍ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «የተከበራችሁ ተመልካቾች፣ በረኛ መሸለም የሚቻለው ሪጎሬው ከተመታ በኋላ ብቻ ነው።»